አንድ ዲስክ፣ አራት ዲናሞ፦ ደሴ ላይ ከአንድ የቤት ወርክሾፕ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ለምን እንደጻፍኩት

ባለፈው ክረምት ደሴ ውስጥ በአንዲት የቤት ወርክሾፕ ለአንድ ዲስክ ግራይንደር አራት ዲናሞ ቀያየርን። ሦስቱ አልሆኑም። አራተኛውም ቢሆን መጀመሪያ ሲነሳ ጣት ቢያቆመው የሚቆም ነበር። ስህተቶቹ ብዙ ሰው የሚሠራቸው ዓይነት ናቸው። አንዱን እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁት። ስለዚህ መዝግቤ ላስቀምጠው አልኩ።

እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የወርክሾፑን ባለቤት ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ «ሰፈሩ ያውቀኛል፣ ኢንተርኔቱ ይቅርብኝ» ነው ያሉት። ዋጋም አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ሳምንት ውሸት ይሆናል።

ዲስክ ግራይንደር ስል በእጅ የሚያዘውን ግራይንደር ማለቴ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ዲናሞ ነው። ዘንጉ ላይ ክብ የአሉሚኒየም ዲስክ ይገባል፣ ዲስኩ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ይለጠፋል፣ ከፊቱ ደግሞ ሥራውን የሚያሳርፉበት ትንሽ ጠረጴዛ አለ። በቃ ይኸው ነው።

ዳራ

ጋሼ ጡረታ የወጡ የእጅ ሥራ መምህር ናቸው። አሁን ቢላዋ ይሠራሉ። ምላጩን ከመኪና ባሌስትራ ይቆርጣሉ፣ ያግሉታል፣ ዘይት ውስጥ ይነክሩታል። እጀታው ወይ ወይራ ነው ወይ የበሬ ቀንድ። ደንበኞቻቸው ሥጋ ቤቶች ናቸው፤ ሠርግ ሲቃረብ ደግሞ የሰፈሩ እናቶች።

ወርክሾፗ ድሮ ማድ ቤት የነበረች፣ ሦስት በአራት የሆነች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ውስጧ አንድ ሞርሳ፣ ሞረዶች፣ አንድ የእጅ ግራይንደርና አንድ መሰርሰሪያ አሉ። ቆጣሪው ሲንግል ፌዝ ነው፤ 220 ቮልት፣ እንደማንኛውም መኖሪያ ቤት።

ችግሩ

ጋሼን ያስቸገራቸው ጠፍጣፋነት ነው። በእጅ ግራይንደር የተላገ ብረት ለዓይን ልስልስ ይላል። መስመሪያ አስደግፈው ወደ መስኮት ሲያዞሩት ግን ከሥሩ ብርሃን ይወጣል። እጀታውና ምላጩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያ ክፍተት ቆሻሻ ይይዛል። ውሃ ይገባበታል፣ ወይራው ያብጣል፣ ከዓመት በኋላ እጀታው ይላቀቃል።

ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው። የእጅ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ቀንድ ሲነካ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ወይራው ይጠቁራል። ብረቱ ደግሞ ይባስ። የጠነከረ ምላጭ ጫፉ ገለባ ሲመስል ሙቀቱ 220 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው፣ ሰማያዊ ሲሆን ወደ 300 ተጠግቷል። ሰማያዊ የሆነ ጫፍ ጥንካሬውን አጥቷል። ጋሼ አንድ ሙሉ ቀን የለፉበትን ምላጭ በሦስት ሰከንድ ሰማያዊ አድርገውት ያውቃሉ።

ስለዚህ የሚፈለገው ግልጽ ነበር። 300 ሚሊ ሜትር ዲስክ፣ ለቀንድና ለእንጨት ቀስ የሚል፣ ለብረት ፈጠን የሚል፣ ከተራ የቤት ሶኬት የሚሠራ። ግልጽ ነበር ብዬ የምጽፈው አሁን ነው። ያኔ ግን የጠየቅነው ጥያቄ «ስንት ፈረስ ጉልበት ይበቃል?» የሚል ነበር። ጥያቄው ራሱ ስህተት ነበር።

አንደኛው፦ የልብስ ማጠቢያ ዲናሞ

ይኼን ጋሼ ያደረጉት እኔ ሳልመጣ ነው። ከተበላሸ ልብስ ማጠቢያ የወጣ፣ ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብል) ያለው ዲናሞ ነበር። እንዲህ ያለው ዲናሞ ማጠቢያው ውስጥ ሳለ ፍጥነቱን የሚቆጣጠርለት ካርድ አለው። ካርዱ ወልቆ በቀጥታ 220 ሲሰጠው፣ በተለይ ጭነት ሳይኖረው፣ የሚይዘው የለም። ከአሥር ሺህ ዙር በላይ ይሄዳል። ጋሼ ሲነግሩኝ «ጄት ሊነሳ መሰለኝ፣ ወጥቼ በሩን ዘጋሁበት» አሉ። ሶኬቱን የነቀሉት ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። ደግነቱ ዲስክ አልታሰረበትም ነበር።

ሁለተኛው፦ ኮንደንሰር ያለው ዲናሞና የአምፖል ዲመር

ከወፍጮ ቤት የተገኘ ያገለገለ ሲንግል ፌዝ ዲናሞ፣ 1,400 ዙር፣ አንድ ፈረስ ጉልበት። ጀርባው ላይ ሲነሳ የሚያግዘው ኮንደንሰር የተጫነበት። በሙሉ ፍጥነት ደህና ሠራ። ብረት ላይ ጥሩ ነበር፣ ቀንድ ላይ ግን ፈጠነ። ጋሼ ከሱቅ «2,000 ዋት» የሚል ዲመር ገዝተው መሐል ላይ አስገቡ። «አምፖሉን ካደበዘዘ ዲናሞውንም ያዘገያል» ብለው ነው። እንዲህ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እንዲህ ያለ ዲናሞ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከመስመሩ ፍሪኩዌንሲ ነው። የእኛ አገር መስመር 50 ኸርዝ ነው። 50ን በ120 አባዝቶ ለፖሎቹ (ጥቅሎቹ ለሚፈጥሩት የማግኔት ዋልታዎች) ብዛት ማካፈል ነው፤ አራት ፖል ከሆነ 1,500 ይመጣል። ጭነት ሲይዝ ትንሽ ወደኋላ ስለሚቀር ኔምፕሌቱ (አካሉ ላይ የተለጠፈው መግለጫ) ላይ 1,400 ምናምን ተብሎ ይጻፋል። ሁለት ፖል ከሆነ ደግሞ 2,800 ምናምን። ዲመሩ ፍሪኩዌንሲውን አይነካም። ቮልቴጁን ብቻ ነው የሚሸራርፈው። ቮልቴጅ በግማሽ ሲወርድ የዲናሞው የመጠምዘዝ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ዲናሞው ያንኑ 1,500 ሊይዝ እየታገለ አቅም ያጣል፣ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይሞቃል።

ሌላም አለ። ዲናሞው ውስጥ በመሽከርከር ኃይል የምትከፈት ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ሲነሳ ኮንደንሰሩን ታስገባለች፣ ከሙሉ ፍጥነቱ ሦስት አራተኛ አካባቢ ሲደርስ ቀጭ ብላ ታወጣዋለች። ጋሼ በዲመሩ ሲያዘገዩት ያቺ ቀጭ ተመልሳ መጣች። ኮንደንሰሩ ገባ፤ ዲናሞው ግን ፍጥነት ስላላገኘ አልወጣም። የማስነሻ ኮንደንሰር ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ የተሠራ ዕቃ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ አብጦ ክዳኑ ተነሳ፣ ፈሳሽ ወጣው፣ ክፍሉ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ሸተተ።

እኔ የተጠራሁት ያኔ ነው። ስደርስ ዲናሞው ገና እጅ ያቃጥል ነበር። ጋሼ «ዲመሩ ውሸታም ነው፣ 2,000 ዋት አይችልም» አሉ። ዲመሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ሦስተኛው፦ የመሮጫ ማሽን ዲናሞ

ይኼ የኔ ሐሳብ ነው። ከተዘጋ ጂም የወጣ የመሮጫ ማሽን ኮምቦልቻ ውስጥ ይሸጥ ነበር። የእነዚህ ዲናሞ ዲሲ ነው፣ እንደ ባትሪ ባለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፤ ፍጥነቱ በእርግጥም በቮልቴጅ ይታዘዛል፣ ቀስ ሲልም ጉልበቱን አያጣም። ጋሼ የፈለጉት ዓይነት ማለት ነው። ከነካርዱ ገዝተን በአይሱዙ ጭነን ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት ወጣን።

ለሁለት ሳምንት ደስ አለን። ፍጥነቱ ብዙ ስለነበር በቺንጋና በሁለት ፑሊ አወረድነው። ማዞሪያውን ስታዞረው እንደ ራዲዮ ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል። ኔምፕሌቱ ላይ «2.5 ፈረስ ጉልበት» ይላል፤ ይኼን አትመኑ። ለመሮጫ ማሽን የሚጻፈው ቁጥር ለአጭር ጊዜ የሚወጣ ነው እንጂ ለሰዓታት የሚሸከመው አይደለም።

ከዚያ ካርቦኖቹ አካባቢ ብልጭታ በዛ። ፈታሁት። ዲናሞው ለማቀዝቀዣ ብዙ ቀዳዳ አለው፤ ውስጡ ያለው ቋሚ ማግኔት ነው። ብረት እየሳልን ነበርና ማግኔቶቹ የብረቱን ብናኝ በቀዳዳዎቹ እየሳቡ ሰብስበውታል። ጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ፂም አብቅለው ነበር። በካቻቢቴ ስፍቀው ይነሳና ተመልሶ ይጣበቃል። ግማሽ ቀን በአየርና በማስቲሽ ቴፕ አጸዳሁት፤ በሳምንቱ እንደነበረ ሆነ። ቀዳዳውን በጨርቅ ብንሸፍነው ደግሞ ሞቀ።

ለእንጨት ብቻ ለሚሠራ ሰው ይኼን ዲናሞ አልጠላም። ብረት ለሚስል ግን ክፍት ዲናሞ፣ በዚያ ላይ ማግኔት ያለው፣ አይሆንም። ይኼን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ሥራዬ ነው።

ቁጭ ብለን ያሰላነው

ቡና ተፈላልን፣ ወረቀት አወጣን። መጀመሪያ መደረግ የነበረበት በአራተኛው ወር ተደረገ።

ወሳኙ የዲናሞው ዙር ብቻ አይደለም፤ ብርጭቆ ወረቀቱ ሥራው ላይ በሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል የሚለው ነው። የዲስኩን ስፋት በ3.14 አባዝቶ፣ በዙሩ አባዝቶ፣ ለ60 ማካፈል ነው። 300 ሚሊ ሜትር ዲስክ በ1,400 ዙር ዳሩ ላይ በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። በ2,800 ዙር 44 ይሆናል። በ560 ዙር ደግሞ ወደ 9 ይወርዳል። ለብረቱ 22 አካባቢ፣ ለቀንዱ 9 አካባቢ ካገኘን በቂያችን ነው አልን። ስለዚህ የሚያስፈልገው 1,400 የሚለው፣ ማለትም አራት ፖል ነው። ባለ 2,800ውን ገዝቶ ሁልጊዜ ግማሹ ላይ ማኖር ትርጉም የለውም።

ዲስክ አንድ ጸባይ አለው። ዳሩ 22 ሲሄድ መሐል መንገድ ላይ 11 ነው፣ እምብርቱ ዜሮ ነው። ጋሼ ይኼን ሲሰሙ ሳቁ። «ታዲያ ቀንዱን ወደ መሐል ጠጋ ማድረግ ነዋ!» አሉ። ልክ ናቸው። ፍጥነት የማይቀየርበት ዲስክ ያለው ሰውም በዚህ መንገድ ብዙ ሊሄድ ይችላል።

ሦስት ፌዝ ቆጣሪ የማስገባት ሐሳብም ተነስቶ ነበር። ለአንድ ዲናሞ ብሎ አይገባም። ቢገባም ፍጥነቱን አይቀይርም፤ 50 ኸርዝ እዚያም 50 ኸርዝ ነው። የቀረው መንገድ አንድ ነው፦ ሦስት ፌዝ ዲናሞና ኢንቨርተር። ይኼ ኢንቨርተር በባትሪ ቤት የሚያበራው አይደለም። ሲንግል ፌዝ 220 ተቀብሎ ሦስት ፌዝ 220 የሚሰጥ፣ ፍሪኩዌንሲውን እንደፈለግን የሚቀይር ሳጥን ነው። ቮልቴጁንም ከፍሪኩዌንሲው ጋር አመጣጥኖ ስለሚያወርድ ዲናሞው ቀስ ሲል ጉልበቱን ይዞ ነው።

አራተኛው፦ ሦስት ፌዝና ኢንቨርተር

ኮምቦልቻ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፤ ፋብሪካ ባለበት ያገለገለ ሦስት ፌዝ ዲናሞ አይጠፋም። ቤት ውስጥ ስለማይሠራ ብዙ ሰው አይፈልገውም። 0.75 ኪሎዋት፣ 1,400 ዙር፣ ዙሪያውን የተዘጋ፣ ጅራቱ ላይ ማራገቢያ ያለው አገኘን። ዘንጉ 19 ሚሊ ሜትር። ኔምፕሌቱ ላይ «220/380 ቮልት፣ 3.5/2.0 አምፔር» ይላል።

ኢንቨርተሩን 1.5 ኪሎዋት አደረግነው፣ ከዲናሞው እጥፍ። ሰው ለምን እጥፍ ይለኛል። የእነዚህ ዕቃዎች አቅም የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ይቀነሳል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ነው፣ ደሴ ወደ 2,500። ደሴ ላይ 15 በመቶው ሄደ ማለት ነው። ከ0.75 ቀጥሎ ያለው የተለመደ መጠን 1.5 ስለሆነ እሱን ወሰድን።

አሰርን፣ አስነሳን። ዲስኩ በጸጥታ መዞር ጀመረ። ጋሼ «አልሐምዱሊላህ» ብለው አንድ ባሌስትራ አስጠጉ። ዲስኩ ቆመ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ቆመ። አውራ ጣት የሚያቆመው ግራይንደር። ጋሼ ምንም አላሉም። ዝም ብለው ብረቱን ሞርሳው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከስድባቸው ዝምታቸው ይከብዳል።

የኢንቨርተሩን ሴቲንግ ሁሉ ፈተሽኩ። ሁለት ሰዓት አጠፋሁ። መጀመሪያ ማየት የነበረብኝ የዲናሞውን ሳጥን ክዳን ከፍቶ ስንት ሽቦ እንደሚወጣ ነው። ስድስት መሆን ነበረበት። ሦስት ብቻ ነበር።

«220/380» ማለት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የሽቦ ጥቅል የሚፈልገው 220 ቮልት ነው። መስመሩ 380 ከሆነ ሦስቱ ጥቅሎች በስታር ይታሰራሉ፣ አንድ አንድ ጫፋቸው በአንድ ቋጠሮ ይገናኛል፤ መስመሩ 220 ከሆነ በዴልታ፣ ጫፍ ለጫፍ እንደ ሦስት ማዕዘን። ስድስት ጫፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ሦስት የነሐስ ልሳኖች አሉ። ቁልቁል ሦስት ቦታ ሲቆሙ ዴልታ ነው፣ አግድም በአንድ መስመር ሲተኙ ስታር ነው። ልሳን ማዞር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። የእኛ ዲናሞ ግን ከዚህ በፊት አንዴ የውስጡ ሽቦ እንደገና ተጠምጥሟል። የጠመጠመው ሰው ፋብሪካው 380 ነው ብሎ የስታሩን ቋጠሮ ውስጥ አስሮ ሦስት ሽቦ ብቻ አውጥቷል። እሱ አልተሳሳተም፤ ለዚያ ቦታ ልክ ነበር። ለእኛ ግን 220ው በስታር ሲገባ እያንዳንዱ ጥቅል 127 ቮልት ብቻ ያገኛል። ጉልበቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል።

ዲናሞውን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የማውቀው አንድ አሮጌ ጠምጣሚ አለ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ክዳኑን ከፈተ፤ የጥቅሉን ራስ በጣቱ እየዳሰሰ ሄዶ አንድ ቦታ ቆመ። ከክሩ ሥር አንዲት ጉብታ ነበረች። «ይቺት» አለ። ክሩን በምላጭ በጠሰ፣ የሦስቱን ጫፍ ቋጠሮ ፈታ፣ በየጫፉ አዲስ ሽቦ በየደ፣ ቱቦ አለበሰ፣ መልሶ በክር አሰረ፣ ቫርኒሽ ቀባ። ማድረቂያው ሁለት ትልልቅ አምፖል ያለበት በርሜል ነው። በማግስቱ ስድስት ሽቦ ያለው ዲናሞ ተረከብኩ። ሙሉ ጥምጠማ ስላልነበረ ዋጋውም ያን ያህል አልከበደም።

በዴልታ አስረን አስነሳን። ጋሼ ብረቱን አስጠጉ። ብልጭታው ጠረጴዛው ሥር ድረስ ወረደ። «አሁን ሥራ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡ ችግሮች

አንደኛ፣ ንዝረት። ጋሼ የብረት መቆሚያውን ሲነኩ እጃቸውን ነዘራቸው። ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ነበረው፤ ከጀርባው ግን ምንም የታሰረ ሽቦ አልነበረም። ኢንቨርተር ባለበት ቤት ይኼ ዋዛ አይደለም፤ ከዲናሞው ወደ አካሉ የሚያፈስ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ አለ። የቤቱን ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ) ከሥሩ ሠራን፣ ከዲናሞው አካል፣ ከመቆሚያውና ከኢንቨርተሩ ጋር አገናኘን። ንዝረቱ ጠፋ።

ሁለተኛው ያስደነገጠኝ ነው። ማስነሻውን መጀመሪያ ያደረግነው እንደ ግድግዳ ማብሪያ ወደ አንድ ጎን የሚቀር ስዊች ነበር። አንድ ቀን መብራት ሄደ። ጋሼ አጋጣሚውን ተጠቅመው ያለቀውን ብርጭቆ ወረቀት ልጠው ጣሉና ማስቲሽ ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ መብራት መጥቶ ዲስኩ ማንም ሳይነካው በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ነበር። ስዊቹ እንደበራ ቀርቷል። ከደቂቃ በፊት ቢሆን እጃቸው ዲስኩ ላይ ነበር። በዚያው ሳምንት ቀየርነው። አሁን አረንጓዴ የሚጫን ቁልፍ አለ፣ ቀይ የሚጫን ቁልፍ አለ። መብራት ሄዶ ቢመጣ አረንጓዴው ካልተጫነ አይነሳም። ኢንቨርተሩ ውስጥ ያለውን ራሱ የመነሳት ሴቲንግም አጠፋነው። ትልቁን ቀይ ማቆሚያ በእግር ጉልበት ሊመታ በሚችልበት ቦታ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር አደረግነው።

ሦስተኛ፣ ጋሼ ዲስኩ ቶሎ እንዲቆም ፈለጉ። የማቆሚያውን ጊዜ ወደ አንድ ሰከንድ ሳወርደው ኢንቨርተሩ ኤረር ጽፎ እጁን ሰጠ። አሉሚኒየሙ ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል። በዚያ ፍጥነት ሲዞር ያጠራቀመውን ኃይል ዲናሞው መልሶ ወደ ኢንቨርተሩ ይልከዋል፣ ውስጡ ቮልቴጅ ከፍ ይላል። ማቆሚያውን 5 ሰከንድ፣ ማስነሻውን 3 ሰከንድ አደረግነው። ፍሪኩዌንሲው ከ15 እስከ 60 ኸርዝ። ከ15 በታች የጅራቱ ማራገቢያም አብሮ ስለሚዘገይ ዲናሞው ራሱን አያቀዘቅዝም። ከ50 በላይ ደግሞ ዙር እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

አራተኛ፣ በኢንቨርተሩና በዲናሞው መካከል ጋሼ ብሬከር ሰክተው አገኘሁ። «ለጥንቃቄ ነው» አሉ። ነቀልኩት። ኢንቨርተሩ እየሠራ ያንን መስመር መቁረጥ ውስጡን ሊያቃጥለው ይችላል። ብሬከሩ ከኢንቨርተሩ በፊት ነው የሚገባው፣ ማቆሚያው በቁልፉ።

ስለ ዲስኩ

ዲስኩን ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ነው ያስላግነው፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት። መጀመሪያ ዳሩ ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር ይዋልል ነበር። ትንሽ ይመስላል፤ ብረቱን ስታስጠጋው ግን በየዙሩ ጠክ ጠክ ይላል። ምክንያቱ ፊቱና እምብርቱ በሁለት ጊዜ እስራት መላጋቸው ነው። ቶርኖው ላይ በአንድ እስራት እንዲላግ ስናደርግ ወደ 0.05 ወረደ። ከዘንጉ ጋር በቁልፍ (በዘንጉና በዲስኩ ቦይ መካከል በሚገባ ቁራጭ ብረት) እና በሁለት ማጥበቂያ ቡሎን ይያዛል። በመሐል ዳዶ ብቻ ቢያዝ ኢንቨርተሩ ወደኋላ ሲያዞረው ሊፈታ ይችላል።

የሠራውና ያልሠራው

ጠፍጣፋነቱ ተፈታ። መስመሪያው ሥር ብርሃን የለም። ቀንድ በ20 ኸርዝ ሳይሸት ይላጋል። ምላጭ ሰማያዊ መሆኑ ግን ሙሉ በሙሉ አልቆመም። ቀጭን ጫፍ በዝግታም ቢሆን ይሞቃል፤ ጋሼ አጠገባቸው የውሃ ባልዲ አላቸው፣ በባዶ እጅ ይይዙታል፣ ጣት ካቃጠለ ባልዲ።

አቧራው አልተፈታም። ኢንቨርተሩን ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገን ላሜራ ሳጥን ውስጥ አስገባነው፣ በሩ ላይ የማጣሪያ ስፖንጅ አለ፤ በየሳምንቱ መራገፍ አለበት፣ ሁልጊዜ አይራገፍም። የእንጨትና የብረት አቧራ መቀላቀሉም ያሳስበኛል። ወይራ ከላጉ በኋላ ብረት ሲያስጠጉ ብልጭታው ዱቄቱ ላይ ይወድቃል፤ ውስጥ ውስጡን ተቃጥሎ ሌሊት ሊነሳ ይችላል። አሁን ከእንጨት ወደ ብረት ሲሸጋገሩ መጥረግ ግዴታ ነው፤ ጠራጊዋ እትዬ ስለሆኑ ይጠረጋል።

ለሌላ ወርክሾፕ የሚሆነው

ይኼን መንገድ የሚሄድ ሰው ከዲናሞ ገበያ በፊት ሁለት ነገር ይያዝ፦ የዲስኩን ስፋትና የቤቱን ቆጣሪ ዓይነት። ከስፋቱ ዙሩ ይወጣል፣ ከቆጣሪው መቆጣጠሪያው ይወጣል። ዲናሞና መቆጣጠሪያ አብረው ነው የሚገዙት። መጀመሪያ ዲናሞ ይዞ ከዚያ መቆጣጠሪያ መፈለግ ነው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ያስወደቀን።

ያገለገለ ሦስት ፌዝ ዲናሞ ስትገዙ ኔምፕሌቱን አንብቡ፣ ከዚያ ኔምፕሌቱን ሳታምኑ ክዳኑን አስከፍቱ። «220/380» ካለና ስድስት ጫፍ ካለው ተገላገላችሁ። ሦስት ብቻ ከሆነ የጠምጣሚውን ዋጋ ጨምራችሁ ተከራከሩ። «380/660» የሚል ከሆነ ግን ለቤት ኢንቨርተር አይሆንም፤ በዴልታም 380 ነው የሚፈልገው።

ፍጥነት መቀየር የግድ ካልሆነስ? በጀት ከሌለ ሲንግል ፌዝ 1,400 ዙር ዲናሞ ያለ ምንም ዲመር በቂ ነው። ለቀንዱ ወደ መሐል ጠጋ ማለት ነው። ወይም በቺንጋ ባለ ሁለት ደረጃ ፑሊ። እኛ ያወጣነውን ሁሉም ሰው ማውጣት የለበትም። ግራውንድና የሚጫን ቁልፍ ላይ ግን እንዳትቆጥቡ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ግራይንደሩ ስድስት ወር ሊሞላው ነው። ጋሼ ሁለተኛ ዲስክ አስላግተዋል፣ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተለጥፎበት ለእንጨት ብቻ። የፊት ጠረጴዛው ማዘንበያ ገና አልተሠራም፤ እስካሁን ከሥሩ ሮንዴላ እየደረደሩ ነው የሚያዘነብሉት። የመሮጫ ማሽኑ ዲናሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ፂሙን እንደያዘ።

ያቺ «2,000 ዋት» ዲመር ደግሞ ሥራ አግኝታለች። እትዬ ለጫጩቶቻቸው ማሞቂያ በሰቀሉት አምፖል ላይ አስገብተዋታል። ሌሊት ደሴ ሲበርድ ከፍ፣ ጠዋት ዝቅ ያደርጓታል።